ስሙን ሲጠሩት የማይሰማ ኡቡንቱ

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ፒያሳ ባለው የኅትመት ሱቃችን 4 ዊንዶውስና 1 ኡቡንቱ (ሊኑክስ) ኮምፒውተር አሉን። ኡቡንቱው በአይፒ ቁጥሩ (በኔትወርክ አድራሻው) ይገኛል፣ በስሙ ግን አይገኝም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ቁጥሩ ይቀየርብናል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ዊንዶውሱ እየጠራ ነው፤ ኡቡንቱው ላይ «አቤት» የሚል አገልግሎት የለም። በስሙ ከተገኘ የቁጥሩ መቀየር አያስቸግራችሁም። ሳምባን (samba፣ ሊኑክስ ከዊንዶውስ ጋር ፋይል እንዲጋራ የሚያደርግ ፕሮግራም) ይጫኑ፤ ከውስጡ ለስም ጥሪ የሚመልሰው ኤንኤምቢዲ (nmbd) ነው። የሳምባን የቅንብር ፋይል በአስተዳዳሪ መብት ከፍተው «ግሎባል» (global) ከሚለው ሥር ወርክግሩፑን (workgroup፣ የኮምፒውተሮቹን የቡድን ስም) ከዊንዶውሶቹ ጋር አንድ ያድርጉ፤ «ኔትባዮስ ኔም» (netbios name) ብለውም ስሙን ይጻፉ። በላቲን ፊደል ይሁን፣ ከ15 ፊደል አይለፍ። ኤንኤምቢዲን ዳግም ያስነሱ። ፋየርዎል (ከኔትወርክ የሚመጣ ጥሪን የሚያግድ መከላከያ) ካለ ለስም ጥሪ የዩዲፒ በር 137ን፣ ፋይል ለመጋራት ደግሞ የቲሲፒ በር 445ን ይክፈቱ።

በስሙ ፒንግ (ኮምፒውተሩ መኖሩን የሚፈትሽ ጥሪ) ሲደረግ እየመለሰ ኔትወርክ መስኮቱ ውስጥ ባይታይ አይደንግጡ፤ አዳዲሶቹ ዊንዶውሶች ዝርዝሩን የሚሞሉት በሌላ መንገድ ነው። ኡቡንቱው በዚያ መንገድ እንዲታይ ደብሊውኤስዲዲ (wsdd) የተባለውን ፕሮግራም ይጨምሩበት።

አሁንም ዝም ካለ ገመዱን ይዩ፤ ጥፋቱ እዚያ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ ዋይፋይ ራውተር ካላችሁና ከዋናው ጋር የተያያዘው «ዋን» (WAN፣ የውጭ መስመር) በሚለው ቀዳዳ ከሆነ፣ አንዱ ኮምፒውተር በ192.168.1፣ ሌላው በ192.168.0 በሚጀምር ቁጥር፣ ማለትም በተለያየ ኔትወርክ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ የስም ጥሪ ደግሞ ራውተር አያልፍም። የሁለተኛውን ራውተር ዲኤችሲፒ (አይፒ ቁጥር የሚያድለውን አገልግሎት) አጥፍተው ገመዱን ወደ «ላን» (LAN፣ የውስጥ መስመር) ቀዳዳ ያዛውሩት።