ማሰሪያውን አትፍቱት፦ ስለ መወጣጫ ለጠየቃችሁኝ

የሳሎናቸውን ጣሪያ ቀለም ሊቀቡ ያሰቡ አንባቢ ጎማ ያለው የብረት መወጣጫ ይበቃኝ እንደሆነ ጠይቀዋል። ይበቃዎታል። ጎማዎቹን ቆልፈው ይውጡ፤ ሰው ላዩ ላይ ሳለ ግን አይገፋም።

ግድግዳ የሚያስገነቡ ሌላ ጠያቂ ደግሞ እንጨት ይሻላል ወይስ ብረት ይላሉ። እኔ ብረቱን እመርጣለሁ፤ የእንጨት ጥንካሬ ከአጣና አጣና ይለያያል፣ ሚስማሩም እያደር ይላላል። ዋናው ጥያቄ ግን ምን ሊጫንበት ነው የሚለው ነው። ቀለም ቀቢ ባልዲውን ይዞ ይወጣል፤ ግንበኛ ብሎኬት ይደረድርበታል። አንዱ ብሎኬት 15 ኪሎ ቢመዝን 20ው 300 ኪሎ ነው፣ ሰዎቹ ሳይቆጠሩ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ መወጣጫ ከራሱ ክብደት ሌላ ሊጫንበት ከታሰበው 4 እጥፍ እንዲችል ያስገድዳል። የሚያከራይዎትን ሰው ስንት ኪሎ እንደሚችል ይጠይቁት። ካላወቀ ሌላ ቦታ ይሂዱ።

«ከመወጣጫው እግር ሥር ብሎኬት ብናስገባስ?» አይሆንም፤ ይሰነጠቃል። የብረት መቀመጫ፣ ከሥሩም ሰፊ ጣውላ ይሁን።

አሁን ወደ አሳሰበኝ ደብዳቤ ልምጣ። አንድ ተቆጣጣሪ እንደጻፉልኝ፣ ለሳኙ መወጣጫውን ከግድግዳው ጋር የያዙትን ማሰሪያዎች «ልስኑን ያበላሹብኛል» እያለ ይፈታቸዋል፤ እስካሁን ምንም አልደረሰም። በቅርቡ ደግሞ የመወጣጫውን ፊት በመረብ ጋርደውታል።

ወንድሜ፣ ዛሬውኑ ሥራውን ያስቁሙ። ቋሚው ብረት ቀጭንና ረጅም ነው፤ እንዳይጎብጥ የሚያደርገው በየመሃሉ መያዙ ነው። ሳይታሰር የሚቆመው ርዝመት እጥፍ ሲሆን፣ ሳይጎብጥ የሚችለው ጭነት ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። መረቡ ደግሞ በክፍቱ ያልፍ የነበረውን ነፋስ ይይዛል፤ መወጣጫው እንደ ሸራ ይገፋል፣ ይጎተታል። ማሰሪያ መጨመር በሚገባበት ሰዓት ነው እንግዲህ የተቀነሰው። «ምንም አልደረሰም» ማለት ያ ነፋስና ያ ጭነት ገና አልተገናኙም ማለት ነው።

ልስኑ መፍትሔ አለው። አዲሱ ማሰሪያ አጠገቡ መጀመሪያ ይገባል፣ አሮጌው ከዚያ ይወጣል፤ የቀረው ቀዳዳ መጨረሻ ላይ ይደፈናል። ይህን የሚሠራው መወጣጫውን የተከለው ባለሙያ እንጂ ለሳኙ አይደለም። መረብ ስለተጨመረ ደግሞ መሐንዲስ ሳይቱ ድረስ መጥቶ በዓይኑ ይየው፣ ማሰሪያዎቹ የት የት እንደሚገቡም በወረቀት ያስቀምጥ። በስልክ «ችግር የለውም» ቢልዎት አይቀበሉት። እስከዚያ ማንም አይውጣ።

የመጨረሻው፦ የዛገውን ብረትና ያረጀውን ጣውላ ቀለም ልቀባ ወይ? ብረቱን መጀመሪያ ይፈግፍጉት፤ የተበላ ወይም የጎበጠ ካገኙ ያስወግዱት። ጣውላውን ግን አይቀቡት፤ ቀለም ስንጥቁን ይሸፍነዋል።