ከቶርኖ ቤት፦ ስለ አውሮፕላን ሞተር ዕቃ ጠይቁኝ

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ቶርኖ ቤት፣ ማለትም ብረት እያሽከረከረ በሚልጥ ማሽን ዕቃ የሚወጣበት ቤት፣ አለኝ። ከዚያ በፊት ውጭ አገር የጄት ሞተር ዕቃ የሚቆርጥ ፋብሪካ ውስጥ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ዛሬ ማታ ሥራ የለም፣ የምታውቁትንም የማታውቁትንም ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የሲኖትራክ ዘንግ የሚያወጣ ቶርኖ የአውሮፕላን ዕቃ ያቅተዋል?

መልስ፦ ቅርጹስ ላያቅተው ይችላል፤ የሚያቅተው ወረቀቱ ነው። አንድ የተርባይን ዲስክ፣ ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረው ክብ ዕቃ፣ ብረቱ የት እንደቀለጠ፣ በየትኛው ማሽን እንደተቆረጠ፣ ማን እንደፈተሸው ተመዝግቦ ይኖራል። እኛ ሰፈር ብረት የሚገዛው በሻጩ ቃል ነው።

ጥያቄ፦ ኢንኮኔል መቁረጫ ይበላል የሚሉት እውነት ነው?

መልስ፦ ይበላል ብቻ! ኢንኮኔል ለጄት ሞተር የሚውል ሙቀት የሚችል ቅይጥ ነው፤ 718 የሚባለው ዓይነት ግማሹ ያህል ኒኬል ነው። ተራ ብረት ስትቆርጥ አብዛኛውን ሙቀት ፍቅፋቂው ይዞት ይወድቃል። ኢንኮኔል ግን ሙቀት ቶሎ ስለማያስተላልፍ ሙቀቱ መቁረጫው ጫፍ ላይ ይከማቻል። በዚያ ላይ ሲነኩት ይጠነክራል፤ ፈርተህ ቀጭን ቀጭን ከላጥከው በሚቀጥለው ዙር የሚጠብቅህ ሌላ ብረት ነው። ተራ ብረት ላይ በደቂቃ 200 ሜትር የምታስሮጠውን ካርባይድ (ጠንካራውን መቁረጫ) እዚህ ወደ 40 ታወርደዋለህ።

ጥያቄ፦ ከማሽን ሳልፈታው ልኩ ልክ ነበር። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ አነሰብኝ። ማይክሮሜትሬ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ዕቃህ ትኩስ ነበር። ከማይክሮሜትሩ በ10 ዲግሪ የሞቀ የ100 ሚሊ ሜትር ብረት 12 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) ገደማ ይተልቃል። የሞተር ዘንግ ላይ የኩሽኔታ መቀመጫ በዚያች ብቻ ከልክ ወጥቶ ሊጣል ይችላል። የመለኪያ ክፍል 20 ዲግሪ ላይ የሚያዘው ለዚህ ነው፤ ዕቃው እዚያው ቆይቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ይለካል። አንተም ማይክሮሜትሩን ጨብጠህ አታውራ፣ መዳፍህ ያሞቀዋል።

ጥያቄ፦ የታይታኒየም ፍቅፋቂ ይነዳል?

መልስ፦ ይነዳል። ውሃ እንዳታፈስበት! ደረቅ አሸዋ።

ጥያቄ፦ ማሽን ላይ በተሠራ ስህተት ሰው ሞቶ ያውቃል?

መልስ፦ ያውቃል። በጁላይ 1996 ፍሎሪዳ፣ ፔንሳኮላ ላይ የዴልታ አየር መንገድ ኤምዲ 88 አውሮፕላን ለመነሳት ሲንደረደር የግራ ሞተሩ የፊት ማራገቢያ እምብርት ተሰበረ፤ ስብርባሪው የአውሮፕላኑን አካል በስቶ ገብቶ ሁለት ተሳፋሪዎች ገደለ። መርማሪዎቹ ስንጥቁን ተከትለው የደረሱት አንድ ቀዳዳ ላይ ነው። ታይታኒየሙ ፋብሪካ ውስጥ ሲበሳ ከልክ በላይ ግሎ የቀዳዳው ግድግዳ ጠጥሮ ነበር፤ ስንጥቁ የጀመረው ከዚያ ነው። አውሮፕላኑ ዓመታት በርሯል! እንዲህ ያለውን ካሊብሮ (የልክ መለኪያው) አያሳይህም። ባለፈው ሳምንት አንዱ ልጄ በደነዘ መብሻ ትራፓኖውን (መብሻ ማሽኑን) ሲጫን፣ ማሽኑ ያፏጫል፣ ፍቅፋቂው ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፤ ሄጄ አጠፋሁበት። የፓምፕ ክዳን ነበር፣ ማንንም አይገድልም፤ እጁ እንዳይለምድ ብዬ ነው።

ጥያቄ፦ እህቴ ተግባረ ዕድ ልትጨርስ ነው። አየር መንገድ ወይስ ቶርኖ ቤት?

መልስ፦ አየር መንገዱ የራሱ ማሠልጠኛ አለው፤ ማስታወቂያ ሲወጣ ታመልክት። እስከዚያ እኔ ጋ ትምጣ። ቁራጭ ብረት እሰጣታለሁ፤ ስድስቱንም ጎን በሞረድ ቀጥ አድርጋ ካመጣችልኝ ቶርኖውን አስነካታለሁ።