ቡና፣ መድኃኒትና ጉዳት፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ጅማ ላይ የጤና ምርምር ዘዴ አስተምራለሁ። «ይህ ነገር ይጎዳል» ስለሚሉ ጥናቶች ከጠየቃችሁኝ ጥቂቱን እነሆ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቡና የቆሽት ካንሰር ያመጣል ሲባል ሰማሁ። እናቴ በቀን ሦስቴ ታፈላለች፤ ልጨነቅ?

አትጨነቂ። ወሬው የመጣው በ1981 አሜሪካ ውስጥ ከወጣ ጥናት ነው። የቆሽት ካንሰር የያዛቸው ሰዎች ከሌሎች የሆስፒታል ታካሚዎች ጋር ተነጻጸሩ። ቡና ጠጪው በካንሰሩ ወገን በዛ። ጣጣው ግን ማነጻጸሪያዎቹ ጋ ነበር። ብዙዎቹ የጨጓራና የአንጀት ሕመምተኞች ነበሩ። ጨጓራው የተነሳበት ሰው ቀድሞ የሚተወው ምንድን ነው? ቡና! እነሱ ስለቀነሱ፣ የካንሰሩ ሕመምተኞች ከልክ በላይ የጠጡ መሰሉ። በኋላ የተሠሩ ትልልቅ ጥናቶች ግንኙነቱን አላረጋገጡም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2016 ያስጠነቀቀው ስለ ሙቀት ነው። ከ65 ዲግሪ በላይ የሚፋጅ መጠጥ፣ ሻይም ሆነ ቡና፣ ለጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ሳያጋልጥ አይቀርም ብሏል። እናትሽ አቦሉን ትንሽ አብርደው ይጠጡ።

ስለዚህ ደካማ ጥናት ጉዳትን ያጋንናል ማለት ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ሲደብቅ ነው። አንድ መድኃኒት በ300 ሰው ላይ ተሞክሮ ማንም አልተጎዳም እንበል። አሁንም ከ100 ሰው አንዱን የሚጎዳ ሊሆን ይችላል። 3ን ለተሳታፊዎቹ ቁጥር አካፍሉት፤ ልታስቡት የሚገባው ጣሪያ እሱ ነው። ቫዮክስ የተባለው የሕመም ማስታገሻ በ1999 ገበያ ገባ። በ2004 ለድንገተኛ የልብ ሕመምና ለስትሮክ እንደሚያጋልጥ ታውቆ ከገበያ ተነሳ። በመድኃኒቱ ላይ ተሠርቶ በ2000 በታተመው ትልቅ ሙከራ ላይ ደግሞ ሦስት የልብ ሕመም አደጋዎች ሳይካተቱ ቀርተው ነበር። ይህ አሁንም ያንገበግበኛል።

ነርስ ነኝ። የጎንዮሽ ጉዳት ስንመዘግብ «ደህና ነህ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል?

አይበቃም። የኛ ሰው ሌሊቱን ሲያስመልሰው አድሮም «አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ይልሻል። «አስመለሰህ? አዞረህ? ሽፍታ ወጣብህ?» እያልሽ አንድ በአንድ ጠይቂው። መድኃኒቱን ያልወሰዱትንም እንደዚያው ጠይቂ፤ አለዚያ ንጽጽሩ ይዛባል።

ማን መድኃኒቱን እንደሚወስድ፣ ማን እንደማይወስድ በዕጣ የተመደበበት ጥናት ካልሆነ አልመን?

እመን፣ ግን መርምረህ። ታሊዶማይድ የተባለው መድኃኒት ጽንስን እንደሚጎዳ በ1961 ያሳወቁት የሚወለዱትን ሕፃናት ያስተዋሉ ሐኪሞች ናቸው።