ጥያቄና መልስ፦ የሆድ ቁርጠትና የእግር ሽፍታ አብረው ሲመጡ

ጥያቄ፦ ከመሀል ሜዳ ነኝ። የ42 ዓመት ወንድሜን ሆዱን ይቆርጠዋል፤ ሰገራው ላይም ደም አለ። አሜባ ተብሎ መድኃኒት ቢወስድም አልተሻለውም። አሁን ደግሞ እግሩ ላይ ሽፍታ ወጣበት። ይገናኛሉ?

መልስ፦ ሊገናኙ ይችላሉ። ዛሬ ነገ ሳትሉ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ውሰዱት። የደም ስሮች ሲቆጡ ቫስኩላይተስ ይባላል። አይጂኤ ቫስኩላይተስ የሚባለው ዓይነት ቆዳን፣ መገጣጠሚያን፣ አንጀትንና ኩላሊትን ይነካል። የሚበዛው ልጆች ላይ ነው፤ አዋቂ ላይ ስለማይጠረጠር ያመልጣል። የአንጀት ግድግዳ ያብጣል፣ ይደማል፤ ቁርጠቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። አስቸጋሪው ነገር የሆድ ሕመሙ ሽፍታውን በቀናት፣ አንዳንዴም በሁለት ሳምንት ሊቀድም መቻሉ ነው። በዚህ መሃል አሜባ፣ ታይፎይድ፣ ጨጓራ ቢባል አይገርምም። ትርፍ አንጀት ነው ተብሎ ቀዶ ጥገና የሚገባም አለ።

ጥያቄ፦ ከቁንጫ ንክሻ በምን ይለያል?

መልስ፦ ንክሻ አብዛኛውን ጊዜ ያሳክካል። ይሄኛው በሁለቱም እግር፣ በተለይ ከጉልበት በታችና መቀመጫ ላይ ይወጣል። በጣት ሲዳሰስ ጎርበጥ ይላል። ጥርት ያለ ብርጭቆ ጫን አድርጉበት፤ ቀለሙ አይጠፋም። ጠይም ቆዳ ላይ ቀይ ሳይሆን ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። በእኛ አገር ብርድ ሰው ሱሪና ካልሲውን ሳያወልቅ ሆዱን ብቻ አሳይቶ ይመለሳል። እባካችሁ እግራችሁንም አሳዩ!

ጥያቄ፦ የትኛው ምርመራ ይቅደም?

መልስ፦ የሽንት ምርመራ እንዳይቀር። ኩላሊት ሲጎዳ ብዙ ጊዜ አያምም፤ ሽንት ውስጥ ግን ደምና ፕሮቲን ይታያል። አዋቂ ላይ የኩላሊት ጉዳቱ ከልጆች ይብሳል። ስለዚህ ሆዱ ቢሻለውም ሽንቱና የደም ግፊቱ ቢያንስ ለ6 ወር ይታይ። በደም ምርመራ ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዳው የደም ክፍል) አለመቀነሱ ሌሎች በሽታዎችን ለመለየት ይረዳል። ማረጋገጫው ከአዲስ ሽፍታ ላይ የሚወሰድ የቆዳ ናሙና ነው።

ጥያቄ፦ ከሸዋ ሮቢት። ለሕመሙ ዳይክሎፌናክ ልግዛ?

መልስ፦ በፍጹም። አንጀት እየደማ፣ ኩላሊትም አደጋ ላይ ሆኖ አይሆንም። ቁጣውን የሚያበርደው፣ ግን የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክመው ፕሬድኒሶሎንም በራስ ፈቃድ አይጀመርም። ከሱ በፊት ቲቢና የአንጀት ትላትል መታየት አለባቸው።

ጥያቄ፦ ሽፍታ የለኝም። ምግብ በበላሁ ቁጥር ሆዴን ያመኛል፤ ከስቻለሁ፣ ግፊቴም ጨምሯል። ኢንዶስኮፒው (በካሜራ ቱቦ የጨጓራ ምርመራ) ንጹሕ ነው ተባልኩ።

መልስ፦ የግፊቱን ነገር ለሐኪሙ ነግረሃል? ሌላ ዓይነት ቫስኩላይተስ መካከለኛ የደም ስሮችን አጥብቦ አንጀት በቂ ደም እንዳያገኝ ያደርጋል። ከሄፓታይተስ ቢ ጋር ሊያያዝ ስለሚችል እሱንም ተመርመር። ሆድህ ሲነካ ድንገት እንደ እንጨት ከጠነከረ፣ ወይም ሰገራህ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ቀጠሮ አትጠብቅ፤ በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂድ።