የወላጆች ሥልጠና እና የአሠልጣኙ ጠባይ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ልጃቸው ያስቸገራቸውን ወላጆች የምናሠለጥንበት መመሪያ በጽሑፍ ተዘጋጅቶ እያለ፣ የአሠልጣኙ ጠባይ ለውጤቱ ምን ያህል ያስፈልጋል?

መልስ፦ መመሪያው የሚነገረውን ይወስናል እንጂ፣ ወላጁ የሰማውን ቤቱ ወስዶ እንዲሞክረው አያደርግም። ይህን በግልጽ ያሳዩት በአሜሪካ ኦሪገን ይሠሩ የነበሩት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ጄራልድ ፓተርሰንና ማሪዮን ፎርጋች ናቸው። በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ባለሙያው የሚናገረውንና ወላጁ የሚመልሰውን እየተከታተሉ ሲመዘግቡ፣ ባለሙያው ሲያስተምርና ሲጋፈጥ የወላጁ እምቢታ እንደሚጨምር፣ ሲደግፍ ግን እንደሚቀንስ አስተዋሉ። በዚህም ሳይወሰኑ ባለሙያዎቹ ማስተማሩንና መጋፈጡን ሆን ብለው እንዲያበዙ፣ ከዚያም እንዲተዉት፣ እንደገናም እንዲያበዙት አድርገው ቢፈትኑ፣ እምቢታው አብሮ ከፍና ዝቅ አለ። እኔ ይህን ጥናት ከሁሉ አስበልጬ የምጠቅሰው፣ «እናትየው አትተባበርም» ብለን መዝገብ ላይ ከመጻፋችን በፊት የራሳችንን አነጋገር እንድንመረምር ስለሚያስገድደን ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ማስተማር ይቅር?

መልስ፦ አይቅር፤ ወላጁ የመጣው ሊማር ነው። ችግሩ ትምህርቱ ከመደማመጡ ሲቀድም ነው።

ጥያቄ፦ ወላጅ ሲሳሳት እያየሁ እንዴት ዝም እላለሁ?

መልስ፦ የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ሺላ አይበርግ ባዳበሩት የወላጅና የልጅ ሕክምና ወላጅ ከልጁ ጋር ሲጫወት ባለሙያው በአንድ ወገን ብቻ ከሚያሳይ መስታወት በስተጀርባ ሆኖ በጆሮ ማዳመጫ ይመራዋል። ጥሩ መሪ ስሕተቱን ከመልቀም ይልቅ፣ አባትየው በትክክል ያደረገውን ወዲያው ለይቶ ይነግረዋል፤ «ጎበዝ» ብሎ ብቻ ሳያልፍ «ልጅዎ ያለውን መልሰው ስለነገሩት ጨዋታውን ቀጠለ» ይለዋል። ወላጁ ለልጁ እንዲያደርግ የምንጠይቀውም ይህንኑ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ወጣት ነኝ፤ ልጅም የለኝም። ይቀበሉኛል?

መልስ፦ ያላሳለፉትን እንዳሳለፉ አያስመስሉ። የታወቀ የወላጆች ሥልጠና ያዘጋጁት ካሮሊን ዌብስተር-ስትራተን እንደሚያስተምሩት ባለሙያው የሚያውቀው የአሠራሩን መርሕ ሲሆን፣ ስለ ልጁ የሚያውቀው ወላጁ ነው።

ጥያቄ፦ በአገራችንስ?

መልስ፦ የዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት መዘግየት ወይም ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች አሳዳጊዎች ያዘጋጀውና በ9 የቡድን ስብሰባዎችና በ3 የቤት ጉብኝቶች የሚሰጠው ሥልጠና በኢትዮጵያም ተሞክሯል። እዚህ ብዙ እናት የምትመጣው የልጇ ሁኔታ እርግማን ወይም የራሷ ኃጢአት እንደሆነ ሲነገራት ኖራ ነው፤ ስለዚህ በአሠልጣኙ ድምፅ ውስጥ ትንሽ ወቀሳ ከሰማች በሚቀጥለው ሳምንት ላትመለስ ትችላለች። በዕድሜ የሚበልጡትን «እርስዎ» ማለት፣ አባት ሲመጣም ወሬውን ሁሉ ወደ እሱ አለማዞር ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለ ጠባይ ይሠለጠናል ወይስ ተፈጥሮ ነው?

መልስ፦ ይሠለጠናል። በዌልስ የባንጎር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የወላጆች ሥልጠና ቡድን መሪዎችን ሥራ ሲከታተሉ፣ መሪው ለወላጆች የሚሰጠው ምስጋና ወላጆቹ ከሚያሳዩት ለውጥ ጋር ተያይዞ አግኝተውታል። ምስጋና ደግሞ የሚቆጠር ነገር ነው፤ አሠልጣኙ በወላጆች ፈቃድ አንድ ስብሰባ በቪዲዮ ቀርጾ፣ ስንቴ እንዳረመና ስንቴ እንዳመሰገነ ልምድ ካለው ባልደረባው ጋር ሊቆጥር ይችላል።