«አረቄ ከጠጣሁ ኪኒኔን ልተወው?» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ከጎጃም የደረሱኝ ጥያቄዎች በአብዛኛው ስለ መጠጥና ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት ናቸው።

አንድ የቡሬ አባወራ ተዝካርና ማኅበር ሲበዛ አረቄ ይጠጣሉ። የጠጡ ዕለት ታዲያ «ተደባልቆ ይመርዘኛል» ብለው የማታ ኪኒናቸውን ይዘላሉ።

እባክዎ አይዝለሉ! ይህን በሰማሁ ቁጥር ያንገበግበኛል። ዛሬ ብዙ ሰው የሚወስደው ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር ያሉበት አንድ ኪኒን ነው። ከአረቄ ጋር ሲገናኝ መርዝ አይሆንም። የሚጎዳዎት መዝለሉ ነው። ዛሬ ለተዝካር፣ ነገ ለሰርግ ሲባል ቫይረሱ ፋታ አግኝቶ ይባዛል፤ መድኃኒቱንም ሊላመድ ይችላል። ቢጠጡም ይዋጡት። ማታ ማታ የሚረሱ ከሆነ ሰዓቱን ወደ ጠዋት ስለማዛወር ክሊኒክዎን ያማክሩ። አረቄው ግን ምንም አያደርግም እያልኩ አይደለም። በተለይ የቲቢ መከላከያውን አይሶናያዚድን እየወሰዱ ከሆነ መጠጡን ይተዉ፤ ሁለቱ ተደርበው ጉበት ይጎዳሉ። ስንት መለኪያ እንደሚጠጡም ለነርሷ ሳይቀንሱ ይንገሯት።

«ጠላ ይቆጠራል?» ላሉኝ፦ አዎ፣ ጠጁም ይቆጠራል።

የደብረ ማርቆሷን እህት ነርሷ «መጠጡን እንድትቀንሺ በስልክ እንምከርሽ» ብላታለች። እሷ ግን በስልክ መዳን አለ ወይ ትላለች። ደግሞ አማቷ ከአጠገቧ አይጠፉም።

እህቴ፣ ይረዳል። ባለሙያው መቼ፣ ከማን ጋር፣ ምን ሲከፋሽ እንደምትጠጪ ይጠይቅሻል። ትንሽ ግብ ትይዛላችሁ፤ በሚቀጥለው ጥሪ እንዴት እንደሆነ ትነጋገራላችሁ። ለምክር ስትመላለሺም ክሊኒክ በር ላይ ከጎረቤት ጋር አትፋጠጪም። የአማትሽን ነገር ግን አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። «ጤፍ ስንት ገባ?» ካልሽው ሰው አለ ማለት ይሁን፤ ዘግቶ ኋላ ይደውላል። ቁጥሩንም በክሊኒኩ ስም አትመዝግቢው።

ሂሳብ ይቆረጥብኛል ወይ ላልሽኝ ሌላዋ፦ እነሱ ከደወሉልሽ አይቆረጥም።

የፍኖተ ሰላሙ ወጣት ወንድሙ ለዓመታት ከጠዋት ጀምሮ ይጠጣ ነበር። በአንዴ አቆመ። በሁለተኛው ቀን እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ የሌለ ሰው ያናግራል። የስልክ ቀጠሮውን እንጠብቅ ወይ ይላል።

ለአንተ ያኔውኑ መልሼልሃለሁ፤ እዚህ የምጽፈው ለሌሎች ነው። ቀጠሮ አትጠብቁ። ሐኪም ሳያየው በድንገት ያቆመ ከባድ ጠጪ ሊጥለው፣ ሊሞትም ይችላል። ይህን የስልክ ምክር አያድነውም። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዱት። ብቻውን አትላኩት። ሐኪሙ እንዲያያቸውም የኤችአይቪ መድኃኒቶቹን ይዛችሁ ሂዱ።