ቦቢ ላይ የሚራገፈው ነጭ ቅርፊት ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? ጎልደን ሪትሪቨር ውሻ አለን፤ ቦቢ እንለዋለን። ከቡችላነቱ ጀምሮ ሆዱና ጎኑ ላይ ነጭ ቅርፊት ይራገፋል። ሶፋው፣ ምንጣፉ፣ የልጆቹ ልብስ ሁሉ ቅርፊት ነው። አያሳክከውም፤ ይበላል፣ ይጫወታል። ጎረቤቴ «እከክ ነው፣ የተቃጠለ ዘይት ቀቢው» አለችኝ። ልጆቹ ላይ ይጋባ ይሆን? የቦቢ እህት ያለቻቸው ሰዎች ደግሞ «እናገናኛቸው» እያሉኝ ነው።
ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ ዘይቱን እንዳትነኪው! ቆዳውን ያቆስለዋል፤ ሲልሰው ደግሞ ይመርዘዋል። ለእከክም ቢሆን መድኃኒት አይደለም። ጋራዥ መቼ የውሻ ፋርማሲ እንደሆነ አላውቅም።

ዋናው ፍንጭ «አያሳክከውም» ያልሽው ነው። እከክ የያዘው ውሻ ሲቧጥጥ ነው የሚያድረው። ጎልደን ሆኖ፣ ከቡችላነቱ ጀምሮ፣ ሳያሳክከው ከተራገፈ እኔ የምጠረጥረው ኢክቲዮሲስ የሚባለውን የዘር ችግር ነው። ቆዳው አሮጌውን ሽፋን በወጉ አይጥልም፤ ተጠራቅሞ በቅርፊት መልክ ይነሳል። የሆዱ ቆዳ ሊጠቁርም ይችላል። በጎልደን ላይ መነሻው ፒኤንፒኤልኤ1 በሚባል ዘረመል ላይ ያለ ጉድለት እንደሆነ በ2012 እ.ኤ.አ. ታውቋል። አይጋባም። ልጆቹ እንደ ልባቸው ይጫወቱ።

ግን በደብዳቤ ብቻ አይወሰንም። ሐኪም ቆዳውን ፍቆ በማይክሮስኮፕ ይየው፤ እከክና ጭርት አለመሆኑ ይረጋገጥ። ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም ለእናንተ ሩቅ አይደለም። ሳይመረመር መርፌ እንዳታስወጊው።

የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል። ሆኖም ብዙም አያሰቃየውም። ከመታጠቡ በፊት አበጥሪው። በኦሞ ሳይሆን ለስላሳ በሆነ የውሻ ሻምፖ እጠቢው፤ በደንብ አለቅልቂው። የዓሣ ዘይት ምግቡ ላይ ጠብ ማድረግም ይረዳል፤ መጠኑን ሐኪሙ ይንገርሽ።

የማገናኘቱን ነገር ግን እርሺው። ችግሩ ይህ ከሆነ ቦቢ ጉድለቱን የወረሰው ከእናቱም ከአባቱም ነው። ወላጆቹ ጤነኛ ቢመስሉም ተሸክመውት ኖሯል ማለት ነው። እህቱም ቆዳዋ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ ከ3 2 ነው። ተሸካሚ ከሆነች ከሚወለዱት ቡችሎች ግማሽ ያህሉ እንደ ቦቢ ይሆናሉ፤ የቀሩትም ይሸከሙታል። ደግሞስ ወንድምና እህት ምን በወጣቸው! ባለቤቶቹ ቡችላ ከፈለጉ ዝምድና የሌለው፣ በዘረመል ምርመራ ነጻ የሆነ ወንድ ይፈልጉላት። የቦቢን ነገርም አትደብቂያቸው።